ላፕቶፑን በፈረስ ያስጫኑት ጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር መሞታቸውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ጎባ ገበያ አጠገብ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ስልኩ ጠራ፤ አነሳው፤ «ኢና ሊላሂ!» አለና ባጃጇን ዳር አስያዛት። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሮቤ ላይ ባንዱ ሞተ አሉ።»

«የትኛው ባንድ?»

«ሰውየው ናቸዋ! ብቻቸውን ባንድ የሆኑት።»

ሌላ አገር ቢሆን ይህ አነጋገር ግራ ያጋባል። ሮቤና ጎባ ላይ ግን ብቻቸውን ባንድ የሆኑ ሰው አንድ ናቸው። የባጃጇን ብረት ጨበጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር፤ ለቅሶው ሰፈሬ ስደርስ ነው የያዘኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣

«ያውቋቸዋል እንዴ?» አለኝ።

«ተቀባያቸው ነበርኩ። እሳቸው በሚሄዱበት ሰርግ ሁሉ አብሬ እዘፍን ነበር።»

«ሰው ነበራቸው እንዴ?» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ነበራቸው። እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ከድር ግማሽ ዕድሜያቸውን የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበሩ። የሮቤን የስንዴ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ሲያጭዱ ኖረው አንድ ቀን ከማሽኑ መሰላል ላይ ወደቁና እግራቸው ተሰበረ። እግሩ ዳነ፤ ግን መሰላል መውጣት እምቢ አለ። ቤት ዋሉ። ቤት የዋለ የኮምባይነር ኦፕሬተር ምን እንደሚመስል ባለቤታቸውን አዴ ራህማን መጠየቅ ነው። የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀቡት፤ ቴሌቪዥኑን ፈትተው ገጠሙት፤ አንድ ብሎን ተረፋቸው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይሠራል። በመጨረሻ አዴ ራህማ ለወንድሟ ልጅ ደውላ «አጎትህ ሳያሳብዱኝ አንድ ነገር ፈልግላቸው» አለችው። ልጁ አሮጌ ላፕቶፕ ላከ። ላፕቶፑ ውስጥ ሙዚቃ የሚያቀናብሩበት ፕሮግራም ነበረበት።

የመጀመሪያውን ቀን ራሳቸው ሲያወሩት እንደ ተአምር ነው። አንዱን ነገር በማውሱ ነካ ሲያደርጉት ፒያኖ ጮኸ። ደግመው ነኩት፤ ደግሞ ጮኸ። «ወላሂ፣ ጠረጴዛው ስር አጎንብሼ አይቻለሁ» ይሉ ነበር። ቀጥለው ዋሽንት አገኙ፤ ቀጥለው ከበሮ፣ ቀጥለው ማሲንቆ፣ ቀጥለው ስሙን የማያውቁት የፈረንጅ ባለብዙ ክር መሣሪያ። ማታ ራት ላይ አዴ ራህማን «አንቺ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ታውቂያለሽ?» አሏት። እሷ ደንግጣ በሩን ቆለፈች።

እኔ ያገኘኋቸው ማር ልገዛ ሄጄ ነው። ያኔ ሮቤ ፋርማሲ ውስጥ ነበር የምሠራው። አዴ ራህማ ማርና ቅቤ ትሸጣለች፤ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ደግሞ ስቱዲዮ ሆናለች። ማሩ እስኪመዘን እያንጎራጎርኩ ነበር። መጋረጃው ተገለጠና ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ፂማቸው በሂና የቀላ ሰው ብቅ አሉ።

«ማን ናት የዘፈነችው?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ አባባ፣ ሥራ ላይ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«ይቅርታ ጠይቂኝ አላልኩሽም። ግቢ።»

«መጀመሪያ ማሯን ልመዝንላት እንጂ!» አለች አዴ ራህማ።

ገባሁ። ግድግዳው ሁሉ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተለጥፎበታል፤ በሩ ላይ የተቀደደ ፍራሽ ተሰቅሏል፤ ክፍሉ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከዚያ ክፍል የወጣ ዘፋኝ ሁሉ ለሁለት ቀን ያህል ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ጋሽ ከድር «ድምፅ ያለሰልሳል» ብለው ነው የሚያስረዱት።

ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አማርኛና ኦሮምኛ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁልፍ ራሳቸው ስም አወጡለት። ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባውን በቦታ ነበር የሚጠሩት። ትንሹ «ሻወር ቤት» ነው፤ መካከለኛው «አዳራሽ»፤ ትልቁ «ሶፍ ኡመር»፣ ያ ዋሻ ውስጥ የጮኸ ሰው ያውቀዋል። ነፋስ ነፋስ የሚል ቀዝቃዛ ድምፅ ሲፈልጉ «ሳነቴ» አለ፣ የባሌ ተራራ አናት ላይ ያለው ብርዳም ሜዳ። ማይኩ ፊት ቆሜ ሳለሁ በማዳመጫዬ «ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ ሶፍ ኡመር ልክተትሽ ወይስ ሻወር ቤት ይበቃሻል?» ይሉኛል። ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

የሚጮኸውን ድምፅ ዝቅ፣ የሚደበቀውን ከፍ የሚያደርገውን ደግሞ «ሽማግሌ» አሉት። «ከበሮውና አንቺ ተጣልታችኋል፤ ሽማግሌ ልላክ» ይላሉ፤ ይልኩና ይስማማል። ከዜማ የወጣ ድምፅን መልሶ የሚያስገባው «ይቅርታ» ነው። አንድ ጊዜ ከጎሮ የመጣ ወፍራም ነጋዴ ለሚስቱ ዘፈን ሊቀርጽ ገብቶ ከአንድ መስመር በቀር በሙሉ ከዜማ ውጭ ዘፈነ። ጋሽ ከድር ፊታቸው ሳይለወጥ ሰሙት። ሲጨርስ «እንዴት ነው?» አላቸው።

«በጣም ጥሩ ነው። ትንሽ ይቅርታ ያስፈልገዋል።»

«ማንን ልጠይቅ?» አለ ሰውየው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መሣሪያዎቹን እንደ ሰው መቁጠራቸው ነው። ከበሮው ያለ ማቋረጥ ሲመታ ቆይቶ እንደሆነ ዘፈኑን ያቆሙና «እጁ ይረፍ» ይላሉ። አንድ መሣሪያ አንዴ ከከፈቱ ሳያጫውቱት አይዘጉትም፤ «ጠርቼው ዝም ካልኩት ይቀየመኛል» ይላሉ። ስለዚህ የጋሽ ከድር ዘፈን ሁሉ፣ የበዓልም ሆነ የሰርግ፣ መሀሉ ላይ ያ ባለብዙ ክር የፈረንጅ መሣሪያ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ባሌ ውስጥ ያን ድምፅ የሚወዱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ዲንሾው ሰርግ ልሂድ።

ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የዲንሾ ገበሬ፣ ገብስና ፈረስ ያላቸው ሽማግሌ፣ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «ሙሉ ባንድ አለው» የተባለ ሰው ሮቤ እንዳለ ሰሙና ስልክ ደወሉ።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አሏቸው።

ጋሽ ከድር ወደ ስክሪኑ አዩ። በዚያ ሰዓት የተከፈቱት መሣሪያዎች አሥር ነበሩ። «አሥር ነን» አሉ። መዋሸታቸው አልነበረም። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እኔስ?» ስላቸው እጃቸውን ስልኩ ላይ አድርገው «አንቺ እንግዳ ነሽ» አሉኝ።

በሰርጉ ቀን ከሮቤ በሚኒባስ ተነስተን ዲንሾ ከአስፋልቱ ዳር ወረድን። የኦቦ ገመቹ ቤት ከመንገዱ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነው። ቀና ብዬ ቁልቁል የሚመጣውን አየሁ። ባለቀይ ጥለት ኮርቻ የተጫኑ፣ አንገታቸው ላይ ዘርፍ የተንጠለጠለ አሥር ፈረሶች፣ በየልጓማቸው አንዳንድ ጎረምሳ ይዟቸው፣ ተሰልፈው ይመጣሉ። ለባንዱ ነው።

መሪው ጎረምሳ እኛን አየ። ከኋላችን አየ። ሚኒባሱ ሲሄድ አየ።

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም መጥተናል» አሉ ጋሽ ከድር።

እኔ በልቤ መሬት ብትከፈት እገባለሁ እያልኩ ነው። እሳቸው ግን ዕቃውን እንደ ሹማምንት ያሰናዱ ጀመር። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው ግንባር ቀደሙ ነጭ ፈረስ ላይ አስጫኑት። አንዱ ስፒከር አንድ ፈረስ፤ ሌላው ስፒከር ሌላ ፈረስ። ኪቦርዱ፣ የማይኩ መቆሚያ፣ የገመዱ ጆንያ፣ ሁሉም የየራሳቸው ፈረስ ደረሳቸው። እኔ አንዱ ላይ ወጣሁ፤ እሳቸው በዚያ እግራቸው በሦስት ሰው ድጋፍ ሌላው ላይ ወጡ። ማዳመጫውም ደረሰው። አንድ ፈረስ ቀረ።

«ባዶ አይሄድም፤ ለባለቤቱ ነውር ነው» አሉና ኪሳቸውን ፈትሸው ማውሱን አወጡ። ኮርቻው ላይ በነጠላ አሰሩት። ጎረምሳው ማውሱን የተሸከመውን ፈረስ በከፍተኛ ጥንቃቄ እየሳበ ዳገቱን ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ለማውሱ መሆኑን አላወቁም።

ኦቦ ገመቹ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እሳቸውም ሰልፉን አይተው «ሰዎቹ የታሉ?» አሉ።

ጋሽ ከድር ላፕቶፑን ከጋቢው አወጡና ከፈቱት። መሣሪያዎቹ በየመስመራቸው፣ በየቀለማቸው ተደርድረዋል። «ይኸው። ይህ ከበሮ መቺው ነው፤ ይህ ባለ ዋሽንቱ፤ ይህች ባለ ማሲንቆዋ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለስክሪኑ «አካም ጂርቱ?» አሉ፤ እንደምን ናችሁ ማለታቸው ነው። መልስ ሲያጡ ወደ ጋሽ ከድር ዞሩ።

«ይህ ዋሽንት የሚነፋው የማን ልጅ ነው?»

«አላውቀውም፣ ኦቦ። አንድ ቦታ የሆነ ሰው እያንዳንዱን ድምፅ አንድ አንድ ጊዜ ነፋና ትቶልን ሄደ። እኔ ነኝ የማሰካካው።»

«እና አሁን የልጄ ሰርግ ላይ እየነፋ መሆኑን አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ምስኪን» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ምግብ ይቀመጥለት።»

ምግብ ተቀመጠለት። ለአሥሩም የተዘጋጀው ማዕድ ከኪቦርዱ ጎን ተደረደረ። እኔ የባለ ዋሽንቱን በላሁ።

እስከዚህ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ጥፋቱን ያመጣው ትራምፔቱ ነው። ጋሽ ከድር ለሙሽራዋ መግቢያ ዘፈን የሚሆን አዲስ ትራምፔት ከኢንተርኔት አውርደው ነበር፤ ሳይገዛ ለጥቂት ቀን የሚሞከር ዓይነት። ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ብቻ ስለሞከሩት አላወቁም እንጂ፣ ጉድ ነበረበት። ብዙ ከተጫወተ ሙዚቃውን ሁሉ ጸጥ ያደርገውና አንዲት ፈረንጅ ሴት በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ሰው ሳይገዛ እንዳይለምደው መሆኑ ነው።

ሙሽራዋ ከአጎቶቿና ከሚዜዎቿ ጋር ገባች። ትራምፔቱ አገሩን አናጋው። ፈረሰኞቹ ከውጭ ይጨፍራሉ፤ ድንኳኑ ይዘላል፤ እኔ እዘፍናለሁ። ድንገት ጸጥ። ሁሉም እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ከሁለቱም ስፒከሮች አንዲት ሴት፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ አንድ ነገር ተናገረች። ከዚያ ሙዚቃው ቀጠለ።

የቀጠለ ሰው ግን የለም። የሙሽራዋ ታላቅ አጎት፣ ዘንግ የያዙ ረጅም ሰው፣ እጃቸውን አነሱ።

«ምንድን ነው ያለችው?»

እንግዶቹ መሀል የዲንሾው ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ የሆነ ወጣት ነበር፤ ለፈረንጆች ቀይ ቀበሮ ሲያሳይ የሚውል። እንግሊዝኛ ያውቃል ብለው ወደፊት ገፉት። ጥንቁቅ ልጅ ነው፤ አንድም ቃል መጣል አልፈለገም።

«‹ይህ ለሙከራ ብቻ ነው› ትላለች።»

ጋሽ ከድር ሙዚቃውን አቆሙት።

«የምን ሙከራ?» አሉ አጎትየው።

«‹ከወደዳችሁት ሙሉውን ውሰዱ፤ ካልሆነ በቅርቡ ይቋረጣል› ትላለች።»

አጎትየው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አቆሙት። «ገመቹ! ልጃችንን ለሙከራ ነው የሰጠናችሁ?»

አንዲት አክስት ጮኸች። የሙሽራው ወገን «ማሎ፣ ማሎ» እያለ ሊለምን ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው «ጫኑ፤ ልጅቱን ይዘን እንሄዳለን» ሲል ሰማሁ፤ ቀልዱን አልነበረም። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሙሽራው ቀይ ሆኗል። ጋሽ ከድርን አየኋቸው። ፂማቸው ብቻ ነው ቀለም የቀረለት።

ተነሱ። በዚያ እግራቸው እያነከሱ ድንኳኑ መሀል ሄዱና አጎትየው ፊት ቆሙ።

«ሙከራው የእኔ ነው» አሉ። «ትዳሩን አይደለም ያለችው። ትራምፔቱን ነው። ሳልገዛ ልሞክረው ብዬ አምጥቼው አዋረደኝ።»

«ትራምፔት የታለ? እኔ ትራምፔት የያዘ ሰው አላየሁም።»

«ይምጡና ይዩ።»

አጎትየው መጡ። ከኋላቸው አክስቶቹ፣ ከኋላቸው ሚዜዎቹ፣ ከኋላቸው ሰርገኛው በሙሉ። ሁሉም አሮጌዋ ላፕቶፕ ላይ አጎነበሱ። ጋሽ ከድር ሌላውን መሣሪያ ሁሉ አጠፉና ትራምፔቱን ብቻውን ለቀቁት። «እሱ ሲጫወት እሷ ትመጣለች፤ ከትራምፔቱ ጋር እንጂ ከሙሽሮቹ ጋር ዝምድና የላትም። ይጠብቁ» አሉ።

ጠበቅን። ትራምፔቱ ይነፋል፤ ሴትዮዋ የለችም። ይነፋል፤ የለችም። የጋሽ ከድር ግንባር አላበው። አጎትየው በዘንጋቸው መሬቱን ይቆረቁራሉ። ኦቦ ገመቹ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አስጠግተው ቆዩና፣

«ሰው ሲበዛባት አፍራ ይሆናል» አሉ።

ያን ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሴትዮዋም ተናገረች። ያንኑ፣ ቃል በቃል። አስጎብኚው እየዘለለ «ራሱ ነው! ራሱን ነው ያለችው!» አለ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። የፈረንጅ ማስታወቂያ በእንዲህ ያለ ደስታ የተሰማበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። አጎትየው ለመቆጣት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው እምቢ አላቸው፤ ሳቁ። ሙሽራዋ ቀና ስትል ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ለካ ከመጀመሪያውም ስትስቅ ነው የቆየችው።

«ይህችን ሴት አባርሩልኝና ጨዋታው ይቀጥል» አሉ አጎትየው።

ጋሽ ከድር ትራምፔቱን አጠፉት። ግን የመግቢያው ዜማ ያረፈው እሱ ላይ ነበር፤ ያለ እሱ ዘፈኑ እንደ ወለቀ ጥርስ ሆነ። ሁሉም ያያቸዋል። ማይኩን ከእጄ ወሰዱ፤ ጉንጫቸውን ነፉ፤

«ፓ! ፓ-ራ-ፓ-ፓም!»

ያ ሁሉ ክብር፣ ያ በሂና የቀላ ፂም፣ በአፉ ትራምፔት ሆነ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር እንዲያ ነፉት። ደግመው አስነፏቸው። ምሽት ላይ ከሰርገኛው ስንለያይ ድምፃቸው ጠፍቶ በእጅ ምልክት ነበር የሚሰናበቱት። በመንገድ ላይ በሹክሹክታ «ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የጠራቸው ሰርገኛ ሁሉ «ያን የአፍ ትራምፔት ይዘው ይምጡ» ይላል። እሳቸውም አፋቸውን ፕሮግራሙ ውስጥ ለማስገባት ወሰኑ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ማይክ ፊት ቆመው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ለእያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ «ፓ» አሉ። ቀጭኑ ጋ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ላይ ቆመው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ አንድ እንደ ጥጃ ያለ ድምፅ አወጡ። አዴ ራህማ የቅቤ ማንኪያ ይዛ እየሮጠች ገባች።

«ምን ሆኑ? ምን አነቃቸው?»

«ትራምፔት እየሆንኩ ነው፤ ውጪ!» አሉ።

አስተካክለው ሲጨርሱ ኪቦርዱን እኔ ነካሁት፤ እሳቸው ዝም ብለው ሻይ እየጠጡ ክፍሉ በእሳቸው አፍ «ፓ-ራ-ፓም» አለ። ሻዩን አስቀመጡና «አስተግፊሩላህ፣ ይሄን ያህል አስቀያሚ ነኝ?» አሉ።

እኔ አግብቼ ጎባ ገባሁ፤ ልጆች መጡ፤ ዘፈኑን ተውኩት። ከመሞታቸው በፊት፣ ጋሽ ከድር ልባቸውን ታመው ጎባ ሆስፒታል ተኝተዋል ሲሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከስተዋል። ፂማቸውን እዚያ ሂና የሚቀባቸው ስላልነበረ ነጭ ሆኗል። አጠገባቸው አልጋ ላይ ከሐረና የመጡ ቡና ለቃሚ አዛውንት ተኝተዋል።

«ትዘፍኛለሽ?» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ትቻለሁ፣ ጋሽ ከድር። ጊዜ የለም።»

«እዚህ ጊዜ ሞልቷል።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ፣ በቀስታ፣ ከድሮዎቹ የሰርግ ዘፈኖቻችን አንዱን ጀመርኩ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ድምፄ ዝጓል። እሳቸው የአልጋውን ብረት በጣታቸው እየመቱ ምቱን ያዙልኝ። «አትሩጪ፤ ሙሽራው የትም አይሄድም» አሉኝ። የሐረናው አዛውንት ወደ እኛ ዞረው መቀበል ጀመሩ። የሳቸው ድምፅ ደግሞ ለካ ገደል የሚያሻግር ነው።

በሩ ተከፈተ፤ ነርሷ ገባች።

«ምንድን ነው ይሄ? እዚህ እኮ የታመመ ሰው ነው ያለው!»

እኔ አፍሬ ዘፈኑን አቋረጥኩ። አዛውንቱ አንሶላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ጋሽ ከድር ግን እጃቸውን አነሱና በዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ኮስተር ብለው፣

«ሲስተር፣ ማሎ፣ በሩን ዝጊልን። የኮሪደሩ ጫጫታ እየገባ ድምፃችንን አበላሸብን» አሏት።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እሳቸውን አየቻቸው። ዞር ብላ በሩን ዘጋችው። ራሷ ግን አልወጣችም።